ጨረቃና የአቡ ጁማ ሮቶ

ጌታሁንን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አብዝቶ የሚያውቀው አናቱን ነው። ኩዌት፣ አቡ ሐሊፋ ውስጥ የአንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሃሪስ ነው። እኛ አገር ዘበኛ የምንለው መሆኑ ነው፤ እዚህ ግን ዘበኛውም፣ ጽዳቱም፣ ቧንቧ ጠጋኙም፣ ዕቃ ተሸካሚውም ሃሪስ ይባላል። በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ተከራይ ሰላም ይላል፤ ሰላም ሲል ግን ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረ። ገና እንደመጣ አንድ የቆየ ያገራችን ሰው «እዚህ አገር ዓይንህን ከጠበቅህ እንጀራህን ጠበቅህ» ብሎ መክሮታል፤ ጌታሁን ደግሞ ምክር ሲሰጡት ሳያላምጥ የሚውጥ ሰው ነው። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን። በጸሎት ኅብረታችን እንኳ «ወንድም ጌታሁን ይጸልይልን» ሲባል፣ አሜን ካልን በኋላ ዓይኑን ለመግለጥ ጊዜ ይወስድበታል።

እኔ ተቃራኒው ነኝ። ወልዴ እባላለሁ፤ ሚርቃብ ውስጥ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ዓይኔም አፌም አያርፍም። ቁጡ ነህ ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ሚስትም ልጅም የለኝም። ዓርብ ዓርብ ከኅብረት መልስ እነጌታሁን ዘንድ ሄጄ፣ ባለቤቱ የሺ የሠራችውን በልቼ፣ ነገር አንስቼ፣ ተከራክሬ እመለሳለሁ። ይህን የምጽፈው ስለ እነሱ ነው እንጂ ስለ እኔ አይደለም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።

የሚኖሩት ምድር ቤት፣ ሊፍቱ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ነው። መስኮቷ ወደ መኪና ማቆሚያው ነው። ልጃቸው ምሥጢር ስምንት ዓመቷ ነው። ውጭ እንዳትጫወት መኪና አለ፣ ኮሪደር ላይ እንዳትሮጥ ተከራይ አለ፤ ስለዚህ ደረጃ ላይ ነው ያደገችው። የቤት ሥራዋን ደረጃ ላይ ትሠራለች፣ ከራሷ ጋር ደረጃ ላይ ትጫወታለች። ሩቅ ሲባል የምታውቀው ስምንተኛ ፎቅን ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ ማለቴ በዚህ አገር ብርድ ወቅት፣ ከማጸዳቸው ቢሮዎች አንዱ ተዘግቶ ዕቃው ሲወጣ፣ ሥራ አስኪያጁ አቧራ የጠጣ ረጅም ካርቶን በእግሩ ገፋ አድርጎ «ሺለው፣ ያንተ ነው» አለኝ፤ ውሰደው ማለቱ ነው። ከፍቼ ባየው ቴሌስኮፕ! እኔ ደግሞ ሐበሻ ጽዳት ካርቶን ተሸክሞ ከሕንፃ ሲወጣ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። «ሰጥቼዋለሁ» ብለህ ጽፈህ ማኅተም ካላደረግህበት አልነካውም ብዬ ግግም አልኩ። እየሳቀ አደረገልኝ። ከነወረቀቱ ተሸክሜ የፋሐሂሉን አውቶቡስ ያዝኩና አቡ ሐሊፋ ወረድኩ።

«ምንድን ነው ጋሼ ወልዴ?» አለች ምሥጢር ካርቶኑን ስታይ።

«ጨረቃ ማምጫ ነው።»

ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየችና «የት እናስቀምጣታለን?» አለች።

ጌታሁን ወገቡ ላይ ካለው የቁልፍ ዘለላ የሰጥሑን ቁልፍ ፈታ። ሰጥሕ የሚሉት የጣሪያውን ወለል ነው። እስከዚያ ቀን እዚያ የሚወጣው የውሃ ታንከር ለማጠብና ዲሽ ለማቃናት ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ምሽት ያየነው ጥቁር ብቻ ነው። «ደመና ነው» አልኩ፤ ደመና አልነበረም። በኋላ ምሥጢር እጇን ወደ ቱቦው አፍ ሰድዳ ክዳኑን ነቅላ አሳየችኝ። ክዳኑ ከተነሣም በኋላ ግን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ከዚያ ሁሉ ሰማይ መሐል አንድ ነገር ማግኘት አቃተን። ሳምንቱን ሙሉ ስልኬ ላይ አንድ አረብ ሲያስተምር ስሰማ ሰነበትኩ። ትልቁ ቱቦ ጀርባ ላይ አንዲት ትንሽ ቱቦ አለች፤ መፈለጊያ ናት። ሁለቱ እኩል አንድ ቦታ ካላዩ ምንም አይገኝም። ለዚህም መላው ቀን በብርሃን፣ ሩቅ ባለና በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ አነጣጥሮ የትንሿን ብሎኖች ማስተካከል ነው።

በሁለተኛው ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ፣ ጌታሁን ታች በር ላይ ሥራ ስለነበረው ቁልፉን ሰጥቶን፣ ከምሥጢር ጋር ወጣን። የማይንቀሳቀስ ነገር ፈለግሁ። መንገዱን ተሻግሮ ካለው ቪላ ጣሪያ ላይ አንድ ነጭ ሮቶ ተቀምጧል። ቪላው የአቡ ጁማ ነው፤ አቡ ጁማ የሰፈሩ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ኩዌታዊ ናቸው። «ይኸው ተገኘ» ብዬ ሮቶው ላይ አነጣጠርኩ። የሰው ቤት መሆኑን አሰብኩ እንዴ? አላሰብኩም። ጌታሁን ቢኖር ኖሮ እጄን ይይዘኝ ነበር።

ይህ ቴሌስኮፕ ነገር ሁሉ ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ሮቶው ከነክዳኑ ተዘቅዝቆ ታየ። ምሥጢር አይታ «ውሃው አይፈስም?» አለች።

መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ግማሽ ጨረቃ ከፍ ብላ ወጥታ ነበር። በመፈለጊያዋ ያዝኳት፤ ትልቁም ውስጥ ቁጭ አለች። ምሥጢር ብሎኬት ላይ ቆማ፣ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ጎነበሰች። ቀና ብላ በባዶ ዓይኗ ጨረቃን አየችና እንደገና ጎነበሰች፤ እንደገና ቀና አለች።

«ያችው ናት?»

«ያችው ናት።»

«ማን ቦረቦራት?»

«ድንጋይ እየወደቀባት ነው ይላሉ።»

«እና ማንም አልጠገናትም?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ ነበረበት። የሃሪስ ልጅ አይደለች፣ ግድግዳ ከተቦረቦረ አባቷ በማግሥቱ ጄሶ ይዞ እንደሚመጣ ነው የምታውቀው።

ከዚያ ምሽት ወዲያ ልጅቷን የሚችላት ጠፋ። በየቀኑ ከመግሪብ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ከአባቷ ጋር ትወጣለች። ጁፒተርን አግኝታ «አራት ልጆች አሉት» ብላ ደብተሯ ላይ አንድ ትልቅ ክብና አራት ነጥቦች ሣለች። በማግሥቱ ነጥቦቹ ሦስት ሆኑባት። አለቀሰች፤ የሺ እንደነገረችኝ ራትም አልበላች። ጌታሁን አጠገቧ ቁጭ ብሎ «ልጅ እናቱ ጀርባ ይደበቃል። ነገ ይወጣል» አላት። ነገ ወጣ። ደብተሯ ላይ «መጣ» ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። እኔ ዓርብ ስመጣ ያንን ሁሉ ገጽ እያገላበጠች ታስረዳኛለች፤ ጨረቃና ኮከብን እኔን አምጪውን ታስተምረኛለች። እንዴት ደስ እንደሚለኝ መናገር አልችልም።

ታዲያ ቱቦው ደረጃ ለደረጃ ሲወጣና ሲወርድ መፈለጊያዋ ትዛባለች። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ እየወጣሁ ሮቶው ላይ አነጣጥሬ አስተካክላታለሁ። ሦስት ዓርብ በሰላም አለፈ። በአራተኛው ዓርብ የአቡ ጁማ ሴት ልጆች ከነልጆቻቸው ጣሪያው ላይ ወጥተው ፀሐይ እየሞቁ ሻይ ይጠጡ ነበር። እኔ የማየው ሮቶ ነው፤ ከሮቶው ሥር ማን እንዳለ ልብ አላልኩም። እነሱ ግን ቱቦውን አዩት።

እሑድ ማታ የሺ ደወለች። ዘወትር «አንተ ወልዴ» የምትለኝ ሴት «ወንድም ወልዴ» ስትለኝ ክፉ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ጌታሁን እንዳትነግሪው ብሎኛል። እኔ ግን ልጅ አለኝ፤ እነግርሃለሁ» አለች። አቡ ጁማ ለሕንፃው ባለቤት ማንዱብ፣ ለጉዳይ አስፈጻሚው ማለት ነው፣ ከሰዋል። ማንዱቡ መጥቶ ሰጥሕ ላይ ማን ነበር ሲለው፣ ጌታሁን «ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብሎ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። እስከ ሐሙስ ክፍሉን ልቀቅ ተብሏል። ክፍሏ የሥራው ናት፤ ሥራው ከሄደ እሷም ትሄዳለች። ያን ጊዜ ጌታሁን ወደ አገኘበት፣ የሺና ምሥጢር ወደ ሆሳዕና። «ማክሰኞ ማታ ማንዱቡ ያንን ዕቃ ሊወስድ ይመጣል፤ አቡ ጁማም ይመጣሉ» አለች። ና አላለችኝም።

መጀመሪያ በጌታሁን ተናደድኩ። የኔን ጥፋት ተሸከም ብሎ ማን ላከው? ቀጥዬ በራሴ ተናደድኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ ደግሞ የሰው ብብት ነው ያስጣልኩት። ንዴቱ ሲበርድ የቀረኝ ፍርሃት ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ። የሰው ሴቶች በመነጽር ሲሰልል ተገኘ ከተባልኩ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አበቃለት፤ በሳምንት ውስጥ ቦሌ ነኝ። ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ አቡ ሐሊፋ ሲደርስ አልወረድኩም። መጨረሻው ፋሐሂል ድረስ ሄድኩ። ሾፌሩ ውረድ ሲለኝ ወርጄ፣ መንገድ ተሻግሬ፣ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ተሳፈርኩ። አቡ ሐሊፋ ስደርስ አሁን ወረድኩ።

ሁሉም በሩ አጠገብ ቆመዋል። ቴሌስኮፑ ከነእግሩ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። አቡ ጁማ በከዘራቸው ተደግፈዋል፣ ማንዱቡ ይጮኻል፣ ጌታሁን አቀርቅሯል፣ ምሥጢር የአባቷን ሱሪ ይዛለች። በዚያች በተሰባበረች አረብኛዬ ተናገርኩ። ዕቃው የእኔ ነው፣ ይኸው ወረቀቱ፤ ያነጣጠርኩት እኔ ነኝ፤ ያነጣጠርኩት ሮቶው ላይ ነው፤ ጌታሁን ያን ሰዓት እዚሁ በር ላይ ነበር።

«ሮቶ!» አለ ማንዱቡ። «ሰው ዓርብ ከሰዓት ወጥቶ የሰው ሮቶ ያያል?» እንዲህ ሲል ያልኩት ነገር ለራሴም እንደ ውሸት ተሰማኝ። «ሁለታችሁም ናችሁ» አለ።

ይህን ጊዜ ከሦስተኛ ፎቅ ተከራዮች አንዷ፣ ማዳም ሸሪፋ የምትባል ግብፃዊት አስተማሪ፣ ፌስታሎቿን ይዛ ገባች። ነገሩን ስትሰማ ፌስታሎቹን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ጌታሁን ሴት አየ? ይህ ጌታሁን?» አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ በሩን ከፍተህልኛል። ቀና ሳትል ንገረኝ፤ እኔ መነጽር አደርጋለሁ ወይስ አላደርግም?»

ጌታሁን አሰበ። እግሮቹን አየ። «ይቅርታ ማዳም፣ አላውቅም» አለ።

መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ ነው፤ ፊቷን ግማሹን ይሸፍናል። አቡ ጁማ እሷን አዩ፣ ጌታሁንን አዩ፣ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ።

ምሥጢር የአባቷን ሱሪ ለቀቀች። የእሷ አረብኛ የኔ ዓይነት አይደለም፤ እዚሁ ደረጃ ላይ የተማረችው ንጹሕ ነው። «ጅዲ፣» አለቻቸው፤ አያቴ ማለቷ ነው፤ «ቤትህ ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው። ሰው እንኳ ቢኖር በአናቱ ነው የሚቆመው። ና ላሳይህ።»

ማንዱቡ ሊገሥጻት አፉን ሲከፍት፣ አቡ ጁማ በከዘራቸው አስቆሙት።

ቴሌስኮፑን ይዘን ስምንተኛ ፎቅ በሊፍት ወጣን፤ የቀረችውን ደረጃ አቡ ጁማ የእኔን ትከሻ ተደግፈው ወጡ። ፀሐይ ልትገባ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ሮቶው ላይ አነጣጠርኩ። ሽማግሌው የኩፊያቸውን ጨርቅ ወደ ኋላ ጥለው ጎነበሱ። አንድ ጊዜ ቀና ብለው ቤታቸውን አዩ፤ መልሰው ጎነበሱ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አለቀሱ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ፤ ሳቅ ነው። «ሮቶው ላይ ያለችው ርግብ በጀርባዋ ትሄዳለች!» አሉ። ማንዱቡንም ና እይ ብለው አሳዩት፤ አልሳቀም፣ ጩኸቱ ግን አለቀ።

ሳቁ ካለፈ በኋላ «ታዲያ ይህን ሁሉ ድካም የምትደክሙት ለምንድን ነው?» አሉ። ምሥጢር ደብተሯን አወጣች። በስተምዕራብ ቀጭን ጨረቃ መታየት ጀምራ ስለነበር ቱቦውን ራሷ አዞረችላቸው። አቡ ጁማ ብዙ ቆዩ። «ሱብሐነላህ» አሉ ሲነሡ። «በልጅነቴ ሂላልን፣ ይህችን አዲስ ጨረቃ፣ ከአባቴ ጋር ባሕሩ ዳር ቆመን እንፈልግ ነበር። እሱ ሁልጊዜ ይቀድመኝ ነበር።»

ፍርዱን እዚያው ሰጡ። ጌታሁን ሥራው ላይ ይቆያል፤ ለሕንፃው ባለቤት እሳቸው ይደውላሉ። ሰጥሑ ግን ይቆለፋል። «ልባችሁ ንጹሕ ነው፤ ቢሆንም ሴቶቼ ጣሪያቸው ላይ በነጻነት ይቀመጡ» አሉ። ምሥጢር ደብተሯን ስትዘጋ አይተው ነው መሰለኝ «ዕቃውን ወደ እኔ ግቢ አምጡት። ግንቡ ረጅም ነው፤ ከዚያ ሆኖ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው» አሉ።

ዓርብ ምሽት አቡ ጁማ ግቢ ገባን። የልጅ ልጆቻቸው ስድስት ሆነው ተሰልፈዋል። ምሥጢር ሹመት የተሰጣት ያህል መሐል ቆማ «አትንኩት! በዓይን ብቻ!» ትላለች። የሺ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ሻይ ይዛለች፤ ከእሑድ ወዲህ ገና ያን ቀን ስትስቅ አየኋት። ጌታሁን ግን የለም። ብፈልገው ከግቢው በር ውጭ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ መንገዱን እያየ ቆሟል።

«ና እንጂ ሰውዬ» አልኩት። «አንተ ለምደኸዋል፤ ጁፒተርን አሳያቸው።»

«እኔ አላየሁትም።»

«ዛሬ?»

«ከመጀመሪያውም።»

«ወር ሙሉ ማታ ማታ አብረሃት ትወጣ አልነበረም እንዴ? ምን ትሠራ ነበር እዚያ?» አልኩ፤ ቁጣዬ ተነሣ።

«ደረጃው በር ላይ እቆማለሁ» አለ፣ እንደ ልማዱ ጫማዬን እያየ። «እኔ እዚያ ውስጥ ዓይኔን ከሰደድኩ እሷን ማን ይጠብቃታል?»

ይህ ሰው ሥራውን፣ ክፍሉን፣ ልጁን ሊያጣ የነበረው አንድ ቀን እንኳ ላላየው ነገር ነው፤ ልጁ አለ ስላለችው ብቻ። እኔ ኅብረት ውስጥ ቆሜ ሳያዩ ስለሚያምኑ ሰዎች ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! እንባዬ መጣ፤ መደበቂያም አልፈለግሁለት። አቡ ጁማ አይተውኝ ምን ሆንክ አሉኝ። እንደምንም በአረብኛ ነገርኳቸው።

ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ በከዘራቸው እያዘገሙ በሩ ዘንድ ሄዱና ከጌታሁን ጎን ቆሙ። እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«ዛሬ ሃሪሱ እኔ ነኝ» አሉት። «ግባ፣ እይ።»

ጌታሁን ፈዝዞ ቀረ። ምሥጢር ሮጣ መጥታ እጁን ይዛ ጎተተችው። ሰልፉን አስጥሳ፣ ቱቦው ፊት አቁማ፣ በአማርኛ «አባቢ፣ እንዳትነካው እሺ? በዓይንህ ብቻ» አለችው። እጆቹን ኋላው አጣምሮ ጎነበሰ።

ልጆቹ ትንሽ ታገሡ። ቆየባቸው። አሁንም ቆየባቸው። ተራችን ነው፣ ተራችን ነው እያሉ ይንጫጩ ጀመር።

«ተዉት» አሉ አቡ ጁማ ከበሩ ላይ ሆነው።